ከጅማ ተቀምጦ ወላይታን ያስተዳደረው ጄኔራል

ዘንድሮ የመጽሔታችን አዘጋጆች «ታሪክ የሚያውቅ ይጻፍ» ባሉት መሠረት እኔም በአቅሜ ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትምህርቴም የአንደኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን ብዙ ዘመን በመዝገብ ቤት ሳገለግል አንድ ልማድ ይዞኛል፤ አንድ ትእዛዝ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ከግርጌው ማን እንደ ፈረመ ነው። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያው ልማድ ነው።

በለቅሶ ድንኳን ንፍሮ ሲቀርብና ጨዋታ ሲመጣ ስለ ጣልያን ጊዜ መነሳቱ አይቀርም። ታዲያ ሁልጊዜ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አባቴ እንደ ነገረኝ ጣልያን ገባርነትን የሻረ፣ መንገድ የሠራ ነው» ይላል። ሌላው «አይ፣ ፈጅቶናል፣ ንቆናል» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱም ወገን የዚያን ጊዜውን ገዢ ስም አለማወቁ ነው። ግራዚያኒ ሲባል ሁሉም ያውቃል። ግራዚያኒ ግን አዲስ አበባ የነበረ የሁሉም የበላይ ነው። ሶዶን፣ ይርጋዓለምን፣ ጅማንና ጎሬን በአንድ እጅ ጨብጦ ያስተዳደረው ካርሎ ጄሎሶ የሚባል ጄኔራል ነው። የዚህን ሰው የሹመት ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብናየው ለክርክራችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ግዛቱ እንዴት እንደ ተቋቋመ ላስረዳ። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አንድ ወር ሳይሞላው፣ ግንቦት 24 ቀን፣ ሮም ላይ በወጣ ሕግ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና የጣልያን ሶማሊያ በአንድ ላይ ተጨፍልቀው «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ተባሉ። ይህም በአምስት ጠቅላይ ግዛት ተከፈለ፤ ኤርትራ፣ አማራ፣ ሐረር፣ ሶማሊያና ዋና ከተማው ጅማ የሆነው የደቡብ ምዕራቡ ግዛት። የዚህ የመጨረሻው ስም በጣልያንኛ ሲጻፍ ዛሬ የኦሮሞን ሕዝብ እንደ መስደብ የሚቆጠር ቃል ስላለበት እኔ በዚህ ጽሑፍ «የጅማው ግዛት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ወላይታ የገባው በዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ ሶዶ ራሷ የክልል መቀመጫ ሆና ከሌላ ዞን ሰው ጉዳይ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ለሶዶ ሰው የሚሆነው ሁሉ የሚወሰነው ከኦሞ ወንዝ ማዶ ጅማ ላይ ነበር።

ጄሎሶ የተወለደው በኢጣልያ ደቡብ፣ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ በ1871 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። ሲሾም ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ዕድሜውን በወታደር ቤት የፈጀ ሰው ነበር። ወደ እኛ አገር የመጣው በደቡቡ ግንባር፣ በግራዚያኒ ሥር ነው። ያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠው ግንባር ነበር። ራስ ደስታ የሲዳሞ ገዥና የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ። ጦራቸውን ይዘው በዶሎ በኩል ሲወርዱ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ጠበቃቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ሳይቀር በአውሮፕላን ተደብድቧል። ቁስለኛ የተኛበት ድንኳን ነው እንግዲህ! በጥር ወር ነገሌ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ለጄሎሶ አንድ ልዩ ክፍለ ጦር ተሰጠው፤ ስሙም «ላጊ» ይባላል፤ ትርጉሙ ሐይቆች ማለት ነው። በሐይቆቹ አገር፣ በእነ አባያና ሐዋሳ በኩል እየገፋ ወደ ላይ እንዲወጣ የታሰበ ጦር ነበር። ገና ባልያዙት ሐይቅ ስም አወጡለት ማለት ነው። ሹመቱም እንደዚሁ ነው። የጅማው ግዛት ገዥ ተብሎ ሲሰየም ከግዛቱ አብዛኛው ገና በእጁ አልነበረም። ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪሎች ተቀምጠዋል፤ ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ወጣቶች በምዕራብ አሉ፤ ራስ ደስታ ከነሠራዊታቸው በሲዳሞ ተራራ ውስጥ አሉ። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ነው ሥራው የተጀመረው። በኅዳር 1929 ይርጋዓለም ተያዘ። በታኅሣሥ ራስ እምሩ በከፋ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

የቀሩት ራስ ደስታ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነበሩ። ከየአቅጣጫው እየተባረሩ ወደ ሰሜን ወደ ጉራጌ አገር ሲያፈገፍጉ ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። ቀኑ አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጋር የገጠመ ነው። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያው ወደቁ፤ በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመውን የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተረሸኑ። ራስ ደስታም ከጥቂት ቀን በኋላ፣ የካቲት 17፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። የጦር ምርኮኛ በሕግ አይገደልም፤ በማንም አገር ሕግ። እነዚህ ግን እንደ ሽፍታ ተቆጥረው ነው የተገደሉት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለእድርተኞች አንድ ነገር ልጨምር። የደጃዝማች በየነ ባለቤት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ነበሩ። ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ አዚናራ በምትባል የእስረኞች ደሴት ላይም ታሠሩ። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጀመሪያ በቱሪን ከተማ አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። አባታቸው ያን ጊዜ ሱዳን ነበሩ። የንጉሥ ልጅ ሆነው ጥሩምባ ሳይነፋላቸው፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ በገዳዩ አገር አፈር ገቡ።

አሁን ወደ ትእዛዙ ልመለስ። ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በቴሌግራም የተያዘ አርበኛ ሁሉ እንዲረሸን አዘዘ። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ ሌላ ቴሌግራም መጣ፤ በአርበኞችና እነሱን በሚረዳ ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ሥራ በዘዴ እንዲካሄድ፣ በአንዱ ፋንታ አሥር እንዲከፈል የሚል ነው። ይህ ወሬ አይደለም። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከተማረከው መዝገብ አውጥቶ በመጽሐፍ አሳትሞታል። እኔ በቢሮ ሥራ እንደማውቀው የበላይ ትእዛዝ ወደ ታች በደረጃ ይወርዳል። በጣልያን አሠራር ከሮም ሚኒስቴር ወደ እንደራሴው፣ ከእንደራሴው ወደ ጠቅላይ ገዥው፣ ከጠቅላይ ገዥው ወደ ኮሚሳሪዮ፣ ከኮሚሳሪዮ ወደ ሬዚደንቴ ነው። ሬዚደንቴ የሚሉት በየአውራጃው የተቀመጠውን ሹም ነው። ጄሎሶ በዚህ መሰላል ላይ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ትእዛዙን አልጻፈውም፤ ነገር ግን በእሱ ጠረጴዛ ሳያልፍ ሶዶም ጎሬም አይደርስም። «እኔ አስተላላፊ ነኝ» የሚል ሹም ብዙ አይቻለሁ። ማስተላለፍም ፊርማ ይጠይቃል።

ወደ እኛ ወደ ወላይታ ስንመጣ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እውነቱን መናገር አለብን። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ሲያዝ ካዎ ጦና ተማርከው አገሩ ብዙ ሕዝብ አልቆበታል። ከዚያ በኋላ ገባርነት መጣ፤ ገበሬው ለነፍጠኛው ተቆጥሮ ይሰጥ ነበር። ባርነትም ነበር፤ በ1916 ዓ.ም. የመከልከያ ሕግ ቢወጣም በየመንደሩ ወዲያው የቆመ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ጌታ መጥቶ «ገባርነት ቀርቷል» ሲል እፎይ ያለ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል? በድንኳን ውስጥ «ጣልያን ሻረልን» የሚሉት አባቶች ውሸት አልተናገሩም። የጅማው ግዛት የተቆረሰውም በዚሁ ስሌት ነው። አማራ ለብቻው፣ ደቡቡ ለብቻው፣ እርስ በርስ እንዳይተማመን ተደርጎ። አንዱን ከሌላው ቀንበር አወጣሁ እያለ ሁለቱንም በራሱ ቀንበር ውስጥ ማስገባት ነበር የዘመኑ ጥበብ።

ያ አዲሱ ቀንበር ምን እንደሚመስል በወረቀት ተጽፏል። በሚያዝያ 1929 የወጣው የሮም ሕግ አንድ ጣልያናዊ ከአገሩ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ፈረደበት። ልብ በሉ፤ ሴትን መድፈርን አይደለም የከለከለው። አብሮ መኖርን፣ ማግባትን፣ ሰው አድርጎ መቁጠርን ነው። በከተማ ፕላናቸውም የነጩ ሰፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰፈርና ገበያ ለብቻ ተነደፈ። ጅማ ራሷ በዚህ ዓይነት ነበር የተነደፈችው። መንገዱም ቢሆን ተሠርቷል፤ አልክድም። ግን መጀመሪያ የተሠራው ለመድፍና ለካሚዮን ነው። ቡና መጫኑ ሁለተኛ ነው፤ የገበሬው አህያ ማለፉማ ማንም አላሰበበትም።

ሌላው በሶዶ የሚታወቀው የሚሲዮኖቹ መባረር ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ሲሆን ኦቶና ላይ ጣቢያና ሐኪም ቤት ነበራቸው። በጄሎሶ ጊዜ፣ በሚያዝያ 1929፣ የመጨረሻዎቹ ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ሲሄዱ ተጠምቀው የቀሩት የአገሩ ሰዎች 48 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ጣልያን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰው በአገሩ ውስጥ እንዲያይበት አልፈለገም። ከቀሩት ውስጥ የታሰሩም የተገረፉም ነበሩ። ሚሲዮኖቹ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። የየሃይማኖቱን ጉዳይ ለየባለቤቱ ልተውና፣ በመዝገብ ቤት ሰው ዓይን ስገምተው አንድን ነገር በትእዛዝ ማጥፋት እንደ ወረቀቱ እንደማይሆን ያሳየኛል።

ጄሎሶ በ1930 ዓ.ም. ከጅማ ተነሳ። የተተካው በጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ነው። ይህ ደግሞ ከ1922 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል የኢጣልያ የጦር ሚኒስትር የነበረ ትልቅ ሰው ነው። የሶዶ ፍጻሜ የደረሰው በእሱ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የደቡቡ የጣልያን ጦር ገና አልተፈታም ነበር። ከሻሸመኔ የተነሳው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ግንቦት 11 ቀን አላባ ቁሊቶ ላይ፣ በቢላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ከታንክ ጋር ተያያዘ። ሳጅን ናይጀል ሊኪ የሚባል የኬንያ ተወላጅ እንግሊዛዊ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ ጣላቸው፤ ወደ ሌላው ታንክ ሲሄድ ተመትቶ ወደቀ። የእንግሊዝ ትልቁ የጀግና ኒሻን ተሰጥቶታል። ሬሳው ግን አልተገኘም፤ ስሙ ኬንያ ውስጥ በሚገኝ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ነው የተጻፈው። አጥንቱ እንግዲህ ከእኛው ድንበር ቢላቴ ዳር ነው። ከእሱ ጋር የተዋጉት አብዛኞቹ ጥቁር አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ የእነሱን ስም በድንኳን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው የለም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ነጻ ወጣች። ሁለት የክፍለ ጦር አዛዦች ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር እዚሁ ተማረኩ። ጅማ በሰኔ 14 ተከተለች። ጋዜራ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ሰኔ 26 ቀን ደምቢዶሎ ላይ ለቤልጅግ ኮንጎ ጦር እጁን ሰጠ። የኮንጎ ወታደር በሱዳን በኩል መጥቶ የኢጣልያን የጦር ሚኒስትር የነበረውን መማረኩ እንዴት ያለ ነገር ነው! ጋዜራ ከምርኮ ሲመለስ፣ በጦርነቱ ማብቂያ ዓመታት፣ መንግሥቱ የኢጣልያ የጦር ምርኮኞች ጉዳይ ኃላፊ አድርጎ ሾመው።

ጄሎሶስ? እሱ ሹመቱ አልቆመም። ኢጣልያ በጥቅምት 1933 ግሪክን ስትወጋ የ11ኛው ሠራዊት አዛዥ ሆነ፤ ግሪክ ስትያዝም በአቴና የጣልያን ጦር የበላይ ሆኖ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ክረምት በግሪክ ረሃብ ገብቶ ሕዝቡ በየመንገዱ ወድቋል። ጥር 26 ቀን 1935 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ሽምቅ ተዋጊ ባለበት አካባቢ ሕዝቡ በጅምላ ተጠያቂ እንዲሆን የሚያደርግ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የካቲት 9፣ ዶመኒኮ በምትባል መንደር በእሱ ሥር ያለ ጦር ከመቶ በላይ ወንዶችን ሰብስቦ ረሸነ። እኛ ዘንድ በ1928 እና በ29 የታየው ነገር ስሙን ለውጦ ግሪክ ደረሰ ማለት ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ይህንንም ልጻፍ። ጀርመኖች በግሪክ ያሉትን አይሁዶች እየሰበሰቡ ወደ ሞት ሲልኩ በጄሎሶ ክልል ያሉት አልተነኩም፤ ለጀርመን ጥያቄ እሺ አላለም። እንግዲህ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነበር። ይህ ነገር ለእኔ ከጥፋቱ የሚቀንስለት አልመሰለኝም። የበላይ ወይም የጦር አጋር ሲጠይቅ እምቢ ማለት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ነው በጅማ የተቀመጠው።

በ1935 ዓ.ም. ግንቦት አካባቢ በአቴና ጽሕፈት ቤቱ በተነሳ የሙስናና የሴት ቅሌት ከሥልጣኑ ወረደ። ለገደለው ሕዝብ አይደለም፣ ለቅሌት ነው። በጳጉሜ ኢጣልያ እጅ መስጠቷ ሲታወጅ ደግሞ የትናንት ወዳጆቹ ጀርመኖች ማርከው አሠሩት።

ከጦርነቱ በኋላ ምን ሆነ? ጀርመኖችን እንመልከት። ናዚዎች ከፖላንድ ቆርሰው ወደ ጀርመን በቀላቀሉት ምድር ላይ አርተር ግራይዘር የሚባል ጠቅላይ ገዥ ነበራቸው። ሥራው የጄሎሶ ዓይነት ነው፤ የተያዘ አገር ላይ ተቀምጦ ከላይ የመጣውን ወደ ታች ማውረድ፤ መጠኑ ግን እጅግ የከፋ ነው። ፖላንዶች ፈርደውበት ሐምሌ 14 ቀን 1938 ዓ.ም. በዚያው በገዛበት ከተማ በፖዝናን በአደባባይ ሰቀሉት። ኢትዮጵያም የራሷን ጠየቀች። በየካቲት 1939 የተፈረመው የሰላም ውል በ45ኛው አንቀጽ ኢጣልያ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን እንድታስረክብ ያስገድዳል። መንግሥታችን የአሥር ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቀረበ፤ ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና፣ ሌሎችም ገዥዎችና ጄኔራሎች። ካርሎ ጄሎሶ ከአሥሩ አንዱ ነው። ፋይሉ የታየው እንደ ፈረንጅ በማርች 1948 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ኮሚሲዮኑ ራሱ ተዘጋ። ቢሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ቢሮው ሊዘጋ ሲል የገባ ፋይል ማን ያንቀሳቅሰዋል?

እንግሊዝም ባዶሊዮ እንዲነካ አልፈለገችም፤ ኮሙኒስትን እየፈሩ የኢጣልያን ጄኔራሎች ይፈልጓቸው ነበር። ኢትዮጵያ ጥያቄዋን ቀንሳ ሁለቱን ብቻ፣ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን፣ ስጡኝ ብትልም አልተሳካም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል የለበትም። በጥቂት ወራትም ተፈታ። ለእኛ የተረፈው በውሉ የተወሰነው 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ነው፤ የቆቃ ግድብ ከዚያ የተሠራ ነው። መንግሥታችን በፓሪስ ጉባኤ ያቀረበው የሟች ቁጥር ከ760,000 በላይ ነበር። እያንዳንዱን ነፍስ በዶላር ብታካፍሉት ሠላሳ ሦስት ዶላር እንኳ አይደርስም። የእኛ እድር ለአንድ ለቅሶ ቤት የሚሰጠውን አስቡና ተዉት።

ካርሎ ጄሎሶ ማንም ለዳኝነት ሳይጠራው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሞተ። ዕድሜው 77 ነበር።

ከአባሎቻችን መካከል በአምስቱ ዓመት የሞተ አያት ወይም ቅድመ አያት ስሙን፣ የሞተበትን ቦታና የተቀበረበትን የሚያውቅ ካለ በወረቀት ጽፎ ለእድሩ ጸሐፊ ቢሰጥ በአንድ መዝገብ እንይዘዋለን። የተቀበረበት የማይታወቅም ቢሆን ስሙ ብቻ ይበቃል።